ከጅማ ዎርክሾፕ ወደ ውጭ ገበያ፦ የአደገኛ ንጥረ ነገሮችን ገደብ ጠብቆ ኤሌክትሮኒክስ መገጣጠም

ገዢ «ዕቃችሁ ሮሃስ ያሟላል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ዎርክሾፕ የሚያሳየው ሶልደር (ቀልጦ ክፍሎችን ከቦርድ ጋር የሚበይድ ብረት) ጥቅልሉ ላይ የተለጠፈችውን አረንጓዴ ምልክት ነው። እሷ መልስ አይደለችም። እርሳስ የሌለበት ሶልደር ገዝቶ በአሮጌው መበየጃ ጫፍ የሠራ ሰው ገደቡን ይጥሳል፤ ሶልደሩ ንጹሕ ሆኖም የኬብሉ ላስቲክ ሙሉውን ዕቃ ሊያስጥል ይችላል። ይህ መመሪያ ጅማ ውስጥ የሶላር ፋኖስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ስታቢላይዘር ወይም አምፕሊፋየር በትንሽ መጠን ለሚገጣጥሙ ዎርክሾፖች የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች ፋኖሱን እንደ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን።

ሮሃስ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ያሉ አደገኛ ንጥረ ነገሮችን የሚገድብ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ (2002/95) ከጁላይ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ፤ አሁን የሚሠራበት 2011/65 ሲሆን፣ በ2015/863 ማሻሻያ አራት የፕላስቲክ ማለስለሻዎች ተጨምረውበት ከጁላይ 22 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተከለከሉት አሥር ደርሰዋል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም በ2017 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሕግ ስላወጣች «እኛ የምንልከው ዱባይ ነው» ማለት አያድንም።

ደረጃ 1፦ ገደቡን በትክክል ማንበብ

ካድሚየም እስከ 0.01 በመቶ (100 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 100 እጅ) ብቻ ይፈቀዳል። የቀሩት ዘጠኙ እያንዳንዳቸው እስከ 0.1 በመቶ (1000 ፒፒኤም) ነው፦ እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ባለ ስድስት ቫሌንስ ክሮሚየም፣ ፒቢቢ እና ፒቢዲኢ የተባሉት ብሮሚን ያለባቸው እሳት ተከላካዮች፣ እንዲሁም ዲኢኤችፒ፣ ቢቢፒ፣ ዲቢፒ እና ዲአይቢፒ የተባሉት ማለስለሻዎች።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን «የምን በመቶ?» በሚለው ላይ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከፋኖሱ ጠቅላላ ክብደት አይደለም። ከእያንዳንዱ ወጥ ቁስ ነው፤ ማለትም በመፍታት፣ በመቁረጥ፣ በመፍጨት ወይም በመፋቅ ከዚያ በላይ ሊነጣጠል ከማይችለው ነገር። አንድ ኬብል አንድ ቁስ አይደለም፤ መዳቡ አንድ፣ በመዳቡ ላይ ያለው የቆርቆሮ ልባስ ሁለት፣ ላስቲኩ ሦስት፣ ላስቲኩ ላይ የታተመው ቀለም አራት ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ፋኖሱ 400 ግራም ይመዝናል እንበል። የኬብሉ ላስቲክ 12 ግራም ነው፤ በውስጡም 2500 ፒፒኤም እርሳስ አለ። እርሳሱ 30 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ለ400 ግራም ሲካፈል 75 ፒፒኤም ይሆንና ያለፈ ይመስላል። ሕጉ ግን የሚያየው 2500ውን ነው፤ ፋኖሱ ወድቋል።

ከገደቡ ነፃ የተደረጉ አጠቃቀሞችም አሉ። ማሽን ላይ ለሚቀረጽ ብረት እስከ 0.35 በመቶ፣ ለአሉሚኒየም እስከ 0.4 በመቶ፣ ለናስና ለሌሎች የመዳብ ቅይጦች እስከ 4 በመቶ እርሳስ፤ ከዚህም ሌላ 85 በመቶና ከዚያ በላይ እርሳስ ያለው በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ሶልደር፣ የአንዳንድ ክፍሎች ሴራሚክና መስታወት። እነዚህ ነፃነቶች ጊዜያዊ ናቸው፤ ይታደሳሉ፣ ይጠባሉ፣ ይሰረዛሉ። ስለዚህ አንዱን ሲጠቀሙ የነፃነቱን ቁጥርና ያረጋገጡበትን ቀን ይጻፉ። በየሱቁ የሚገኘው 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ሶልደር በየትኛውም አይሸፈንም።

ባትሪ በሌላ ሕግ ይገዛል (2023/1542)። ሜርኩሪ 0.0005 በመቶ፣ ለተንቀሳቃሽ ባትሪ ደግሞ ካድሚየም 0.002 በመቶና እርሳስ 0.01 በመቶ ነው ገደቡ። በዚህ ቁጥር ኒኬል ካድሚየምም ሆነ ትንሿ ድፍን የእርሳስ ባትሪ ተንቀሳቃሽ ፋኖስ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ ፋኖሱን በወረቀት ላይ መበታተን

አንድ ናሙና ፈተው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር ይክፈቱ፦ ስም፣ የአምራቹ መለያ ቁጥር፣ አቅራቢ፣ የገባበት ቀንና የጥቅል ቁጥር፣ በውስጡ ያሉ ወጥ ቁሶች፣ ማስረጃው። ማጣበቂያ፣ ስቲከር፣ የብሎን ልባስና ሶልደሩ ራሱም መስመር ይገባቸዋል። ብዙ ዝርዝር ውስጥ የማይገኙት እነዚሁ ናቸው።

ከዚያ ተጠርጣሪዎቹን ይለዩ። ልምድ እንደሚያሳየው ችግር ከሁሉም ክፍል እኩል አይመጣም፤ እነዚህን አስቀድመው ይያዙ።

ፎቶሬዚስተር። ሲመሽ ፋኖሱን እንዲያበራ የምትገባው ባለ ጠመዝማዛ መስመር ክብ ክፍል ብዙ ጊዜ ካድሚየም ሰልፋይድ ናት። ጥቃቅን መሆኗ አያድናትም፤ ብርሃን የሚቀበለው ንብር ራሱን የቻለ ወጥ ቁስ ነው። ፎቶትራንዚስተር ይተኩባት። ከዚያም የሚሻል ርካሽ መንገድ አለ፦ የሶላር ፓነሉን ቮልቴጅ ራሱን እንደ ብርሃን መለኪያ መጠቀም። ፓነሉ ቮልቴጅ ሲያጣ መሽቷል ማለት ነው፤ ተጨማሪ ክፍልም አያስፈልግም።

ለስላሳ ላስቲክ፦ ኬብል፣ ሽሪንክ (በሙቀት ተሰብስቦ ሽቦ የሚሸፍን ቱቦ)፣ የሽቦ መውጫ ጎማ። ርካሽ ፒቪሲ በእርሳስ ይረጋጋል፣ በዲኢኤችፒ ይለሰልሳል። ማለስለሻው ደግሞ ይሰደዳል፤ ንጹሕ ኬብል ከቆሻሻ ኬብል ጋር ተጠቅልሎ ለወራት ቢቀመጥ በንክኪ ሊበከል ይችላል። በተለያየ ከረጢት ያስቀምጡ።

ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን። ከአሮጌ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ገላ ተፈጭቶ የተሠራ ከሆነ ፒቢዲኢ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አቅራቢው ጥሬ ዕቃው አዲስ ይሁን ዳግም የተፈጨ በጽሑፍ ይግለጽ።

ቢጫ ወይም ወርቅማ ብሎን። ይህ ቀለም ብዙ ጊዜ የባለ ስድስት ቫሌንስ ክሮሚየም ልባስ ምልክት ነው፤ በባለ ሦስት ቫሌንስ የተለበሰ ነጭ ወይም ሰማያዊ የሚያበራ ይጠይቁ። ቀለም ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሬሌይና ማብሪያ ማጥፊያ። የአንዳንዶቹ መገናኛ ነጥብ ብርና ካድሚየም ኦክሳይድ ነው።

ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ክፍል። ለጥገና ሥራ የተባረከ ነው፤ ወደ ውጭ በሚሄድ ዕቃ ውስጥ ግን አንድም አይግባ። እግሩ ብዙ ጊዜ በእርሳስ ሶልደር የተነከረ ነው፤ ወረቀትም የለውም።

ደረጃ 3፦ ከአቅራቢው የሚጠየቀው ወረቀት

«ሮሃስ» ተብሎ የታተመ ካርቶን ወረቀት አይተካም። «ከእርሳስ ነፃ» የሚለውም አይተካም፤ ስለ አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው። ተቀባይነት ያለው መግለጫ የክፍሉን ትክክለኛ መለያ ቁጥር፣ የሕጉን ቁጥር ከ2015/863 ማሻሻያ ጋር፣ የተጠቀሙበትን ነፃነት ካለ፣ ቀንና ፊርማ ይይዛል። ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት የተጻፈ መግለጫ ስለ ስድስቱ ብቻ የሚናገር ከሆነ አራቱ ማለስለሻዎች አልተነኩም ማለት ነው፤ ይመልሱት።

ከመርካቶ ወይም ከጅማው ሂርማታ ገበያ በፍሬ የተገዛ ክፍል ብዙ ጊዜ ወረቀት አይኖረውም። ሁለት ምርጫ አለ፦ ከታወቀ አምራች በሪል (በፋብሪካ ጥቅልል) ከነመግለጫው ማዘዝ፣ ወይም የተገዛውን ማስመርመር። ለሁለት ብር ሬዚስተር ምርመራ መክፈል ስለማያዋጣ በተግባር ያለው ምርጫ አንድ ነው።

ባዶ ቦርድ ሲያዝዙ «ከእርሳስ ነፃ ሃስል» (የሶልደር ልባስ) ወይም «ኢኒግ» (የኒኬልና የወርቅ ልባስ) ብለው በግልጽ ይጻፉ። ዝም ካሉ አንዳንድ ፋብሪካ ርካሹን ባለ እርሳስ ልባስ ይልካል። የቦርዱን የሙቀት መቋቋሚያም (ቲጂ) ከ150 ዲግሪ ያላነሰ ያድርጉት፤ ምክንያቱ ደረጃ 5 ላይ ይታያል።

ደረጃ 4፦ ጠረጴዛውን መለየት

ብዙ ዎርክሾፕ የሚወድቀው እዚህ ነው። ጥገናና ምርት በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሠሩ የጥገናው እርሳስ ወደ ምርቱ ይሻገራል።

የሚሻገረው ምን ያህል ቢሆን ነው ገደቡን የሚጥሰው? ባለ 37 በመቶ ሶልደር ከአንድ ብየዳ ክብደት 0.27 በመቶ ከሆነ እርሳሱ 0.1 በመቶ ደረሰ። 20 ሚሊግራም በሚመዝን ብየዳ ላይ ይህ 0.054 ሚሊግራም ነው፤ ብየዳው ውስጥ ከተቀላቀለ ዐይን አይለየውም። መበየጃ ጫፍ ላይ የቀረች አንዲት የሶልደር ነጠብጣብ ከዚህ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ስለዚህ «ጠርጌዋለሁ» አይሠራም፤ ጫፉ ይቀየራል።

ለምርቱ ብቻ የሚሆኑና በአረንጓዴ ቴፕ የሚለዩ ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦

መበየጃ ከነጫፎቹ፤
የጫፍ ማጽጃ ስፖንጅና የናስ ሽቦ፤
ሶልደር መምጠጫና ሶልደር የሚጠጣ የመዳብ ጥልፍ፤
ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የብረቱን ገጽ የሚያጸዳው)፣ ብሩሽና ትዊዘር፤
ሶልደር የሚቀልጥበት ገንዳ፤
የሶልደር ጥቅልል፣ ክፍሎችና ያለቁ ቦርዶች የሚቀመጡበት መደርደሪያ።

መምጠጫው በጣም ይረሳል። በውስጡ የተጠራቀመው የአሮጌ ሶልደር ብናኝ ሲጫን ተመልሶ ቦርዱ ላይ ይረጫል።

ገንዳ ካለዎት ሒሳቡ የከፋ ነው። 2 ኪሎ ሶልደር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ 2 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም 5.4 ግራም ባለ 37 በመቶ ሶልደር ማለት ነው። በ1 ሚሊሜትር ሽቦ ሲለካ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ሠራተኛ ተሳስቶ አንዴ ቢጨምር ገንዳው በሙሉ ይበላሻል፤ ማቅጠን አያዋጣም፣ ተደፍቶ ገንዳው ይለወጣል። በእርሳስ ሶልደር የሠራ ገንዳን አጥቦ ለምርት ማዋልም አይሞከር። ለአዲስ ገንዳ በየወሩ ጥቂት ግራም ናሙና አቀዝቅዘው ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ፤ በኋላ አንድ ጭነት ቢወድቅ ችግሩ ከየትኛው ወር እንደጀመረ ይነግራል።

ቦታ ጠቦ ሁለት ክፍል ማግኘት ካልተቻለ በአንድ ቀን ሁለቱን ሥራ አያቀላቅሉ ብሎ መምከር ይቀላል፤ በተግባር ግን ደንበኛ ሬዲዮ ይዞ ሲመጣ ሕጉ ይፈርሳል። ጠረጴዛ መለየትና የባለ እርሳሱን ሶልደር በአንድ ሰው ቁልፍ ሥር ማዋል ይሻላል።

ቡናም ከዚህ ጠረጴዛ ይራቅ። ጅማ ላይ ይህን መናገር ቢከብድም፣ ከሲኒው ጋር ወደ አፍ የሚሄደው በጣት የተነካው እርሳስ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ይጠጣ።

ደረጃ 5፦ ሙቀት፣ እርጥበትና መብራት

ባለ እርሳሱ ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ሳክ305 የሚባለው (ቆርቆሮ 96.5፣ ብር 3፣ መዳብ 0.5) ከ217 እስከ 220፣ ቆርቆሮና መዳብ ብቻ የሆነው ርካሹ ደግሞ በ227 ይቀልጣል። መበየጃውን ከ350 እስከ 370 ዲግሪ አድርገው በአንድ ነጥብ ላይ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ይቆዩ። አልቀልጥ ሲል ሙቀት መጨመር የሠራተኛ የመጀመሪያ ፈተና ነው፤ መዳቡ ከቦርዱ ይነሳል፣ ፍላክሱም ሥራውን ሳይጨርስ ይቃጠላል። ወፈር ያለ ጫፍ መጠቀም ይሻላል። ጫፉ ከበፊቱ ቶሎ ይበላል፤ ሥራ ሲቆም ሶልደር አልብሰው ያጥፉት።

ከእርሳስ ነፃ የሆነ ብየዳ ሲበርድ ፈዘዝ ይላል። በአሮጌው የሚያብረቀርቅ ሶልደር ዐይኑ የለመደ ተቆጣጣሪ «ቀዝቃዛ ብየዳ ነው» ብሎ ያስደግማል፤ ያለ ምክንያት የተደገመ ብየዳ ክፍሉን ይጎዳል። መታየት ያለበት ሶልደሩ ጠርዙ ድረስ ተዘርግቶ እግሩን መያዙ ነው።

ሪፍሎው ኦቨን (ቦርዱን በሙሉ አሙቆ የሚበይድ ምድጃ) ለሚጠቀሙ፣ ከፍተኛው ሙቀት ከ235 እስከ 250 ይሁን፤ ከ217 በላይ የሚቆየው ከ45 እስከ 90 ሰከንድ። ከ260 አይለፍ። የቦርዱ ቲጂ ከፍ ይበል ያልነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የጅማ አየር ይገባል። እርጥበት የሚፈሩ ክፍሎች ከረጢታቸው ላይ ደረጃቸው ተጽፏል። ይህ የእርጥበት ደረጃ 3 ከሆነ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ የሚቆየው 168 ሰዓት ነው፤ ያውም በ30 ዲግሪና በ60 በመቶ እርጥበት ውስጥ። በክረምት ጅማ ላይ እርጥበቱ ከ60 ማለፉ የተለመደ ስለሆነ 168 ሰዓቱን አይመኑት። ክፍሉ የጠጣው ውኃ በሪፍሎው ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ገላውን ከውስጥ ይሰነጥቃል፤ እንደ ፈንዲሻ። በሲሊካ ጄልና በእርጥበት መለኪያ ካርድ በተዘጋ ሣጥን ያስቀምጡ፣ የተከፈተበትን ሰዓት ይጻፉ። ማድረቅ ካስፈለገ በ125 ዲግሪ ይደረቃል፤ ሪሉና ቴፑ ግን ይህን ሙቀት ስለማይችሉ ክፍሎቹ ወደ ብረት ትሪ ይውጡ።

ኦቨኑ መሐል ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ቦርዱን ለይተው ምልክት ያድርጉበትና አንዴ ብቻ ያስደግሙ። ክፍሎች በተለምዶ የሚፈተኑት ለሦስት ዙር ሙቀት ነው፤ ሁለት ፊት ያለው ቦርድ ሁለቱን በራሱ ይጨርሳል።

ደረጃ 6፦ ምርመራ

ኤክስአርኤፍ የሚባለው የጨረር መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ካድሚየምን፣ ጠቅላላ ክሮሚየምንና ጠቅላላ ብሮሚንን ያሳያል። ማለስለሻዎቹን ፈጽሞ አያይም።

ውጤቱ ሲነበብ፦ በፕላስቲክ ውስጥ እርሳስ ከ700 ፒፒኤም በታች ከሆነ አልፏል፣ ከ1300 በላይ ከሆነ ወድቋል፤ ለካድሚየም 70 እና 130። በሁለቱም ጫፍ የመሣሪያው ስህተት (ሦስት ሲግማ) ይታሰባል። በመሐል ያለው በኬሚካል ላብራቶሪ ይወሰናል። ብሮሚን በፕላስቲክ ከ300 ካለፈ የትኛው የብሮሚን ውህድ እንደሆነ በላብራቶሪ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለያል። ክሮሚየም በብሎን ላይ ከታየ ልባሱ በፈላ ውኃ ተነክሮ ይመረመራል፤ ከ0.13 ማይክሮግራም በካሬ ሴንቲሜትር ካለፈ ባለ ስድስት ቫሌንስ አለ ይባላል፣ ከ0.10 በታች ከሆነ የለም።

አረንጓዴው ቦርድ ላይ መለኪያው ከፍተኛ ብሮሚን ቢያሳይ አይደንግጡ። በቦርዱ ሙጫ ውስጥ የሚገባው ቲቢቢፒኤ ብሮሚን ያለው ቢሆንም ሮሃስ ከከለከላቸው ውስጥ አይደለም። ሌላው የተለመደ ስህተት መለኪያውን በተገጣጠመ ቦርድ ላይ ማሳረፍ ነው፤ የጎረቤት ሴራሚክ ክፍል እርሳስ ተደባልቆ ይነበባል፣ ሶልደሩ ያለጥፋቱ ይወነጀላል። ሶልደሩ ተነቅሎ ለብቻው ይለካ።

ላብራቶሪ ሲመርጡ አይኢሲ 62321 በተባሉት ዓለም አቀፍ የምርመራ ዘዴዎች የሚሠራና ለዚያው ዕውቅና ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ገንዘብ ካነሰ ቅድሚያው ለኬብል ላስቲክ፣ ለጥቁር ሽፋንና ለራስዎ ብየዳ ይሁን። በሱቅ የሚሸጠው ቀለም የሚቀይር የእርሳስ መሞከሪያ ጥጥ የአቅራቢን ውሸት ለመያዝ ይጠቅማል፤ ቀለሙ አለመቀየሩ ግን ከ1000 በታች ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 7፦ ዝቃጩ የት ይሄዳል?

ከገንዳ ላይ የሚገፈፍ አመድ መሰል ዝቃጭ፣ የተጠረገ ጥጥ፣ ያለቀ ጥልፍና የወደቀ ቦርድ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቀላቀሉም። ባለ እርሳሱና ከእርሳስ ነፃ የሆነው በተለያየ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ባለ እርሳስ ዝቃጭ ለድስት ጠጋኝ አይሸጥም፤ ተመልሶ ወጥ ውስጥ ነው የሚገባው። የመታጠቢያ ውኃም ወደ ቦይ አይደፋ፤ የከተማዋ ፍሳሽ በአዌቱ ወንዝ በኩል ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል።

በአገር ውስጥ የሚመለከቱዎት የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010፣ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ናቸው። ዝቃጩን ለሚረከብ ማንኛውም ሰው ከመስጠትዎ በፊት ፈቃዱን አይተው ቅጂ ያስቀሩ፤ የተረከበውን ኪሎም ያስፈርሙ።

ደረጃ 8፦ ፋይሉና መግለጫው

የቴክኒክ ፋይሉ የሚዘጋጀው ኢኤን አይኢሲ 63000 በተባለው ስታንዳርድ መሠረት ነው፦ የዕቃው መግለጫና ሥዕል፣ ደረጃ 2 ላይ የተሠራው ዝርዝር፣ የአቅራቢ መግለጫዎች፣ የምርመራ ውጤቶች፣ እንዲሁም የትኛውን ክፍል ለምን እንዳመኑና የትኛውን ለምን እንዳስመረመሩ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይጎድላል፤ መርማሪ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከዚያ የአውሮፓ የተስማሚነት መግለጫ ይፈረማል፣ ዕቃው የአውሮፓን ሕጎች ያሟላል የሚለው የሲኢ ምልክትም ቁመቱ ከ5 ሚሊሜትር ሳያንስ ይለጠፋል። ምልክቱ ስለ ሮሃስ ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ቻርጀር ከሆነ የኤሌክትሪክ ደኅንነትና የኤሌክትሮማግኔት ሕጎችም አብረው መሟላት አለባቸው። በዕቃው ላይ የአምራቹና የአስመጪው ስምና አድራሻ ይኑር። ፋይሉ ዕቃው ገበያ ከገባ በኋላ ለ10 ዓመት ይቀመጣል፤ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ አይተዉት።

አንድ ካፓሲተር ጠፍቶ የግዢ ሠራተኛው «ተመሳሳዩን» ከሌላ ሱቅ ሲያመጣ፣ መለያ ቁጥሩ ስለተለወጠ ለዚያ መስመር ደረጃ 2 እና 3 እንደገና ይሠራሉ። ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ካፓሲተሩ በቀይ ሣጥን ይቆያል፤ ጭነቱ ቢዘገይም።